ጤናዬ ከአዳራሹ የወጣች ዕለት

ኦስሎ ውስጥ ሕፃናት በብርድ ወራት ደጅ ይተኛሉ።

ጤናዬ ይህን መጀመሪያ ያየች ዕለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስቶቭነር በተባለ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ባርነሃገ፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናት፣ ልጆች ለመጠበቅ ተቀጥራ ሥራ የጀመረችበት ሳምንት ነበር። ምሳ ተበልቶ እንዳበቃ የክፍሉ ኃላፊ ሕፃናቱን በሱፍ እየጠቀለለች በየጋሪያቸው አስተኛቻቸው፤ ጋሪዎቹንም እየገፋች ወስዳ በረዶው ዳር ደረደረቻቸው። ከዚያ እጇን አራግፋ ገባች። ጤናዬ ደርቃ ቀረች።

"በእመቤቴ! እነዚህ ልጆች እናት የላቸውም?" አለች በአማርኛ፤ የሚሰማት ባይኖርም።

እናቶችማ ነበሯቸው። እናቶቻቸውም ራሳቸው እንደዚሁ ደጅ ተኝተው ያደጉ ናቸው። ብርዱ እንቅልፍ ያጠነክራል ይላሉ አገሬዎቹ። ጤናዬ እስክታምን ድረስ አንድ ሙሉ ክረምት ፈጀባት። ካመነች በኋላ ግን ከቀኑ ሁሉ የምትወደው ያንን ሰዓት ሆነ። ደጅ ካለው የእንጨት ጣሪያ ሥር ጋሪዎቹ ተሰልፈዋል፤ ከየጋሪው አንዲት ቀይ አፍንጫ ብቻ ብቅ ብላለች፤ ከአፍንጫዋ ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። በረዶው ያለ ድምፅ ይወርዳል። ጤናዬ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ የዕለቱን ጸሎቷን በከንፈሯ ብቻ ታደርሳለች። አንዳንድ ቀን እሷ ሕፃናቱን ትጠብቅ፣ ሕፃናቱ እሷን ይጠብቁ፣ አይለይላትም ነበር።

የተወለደችው ይርጋለም ነው። በሃያዎቹ ዕድሜዋ አገር ጥላ ወጥታ፣ ካርቱም ከርማ፣ በስደተኛ ወረቀት ኦስሎ ገባች። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መሃል ከተማው ሴንትሩም ውስጥ ቢሮ ስታጸዳ አሳለፈች። ሠራተኞቹ አንብበው የጣሉትን ጋዜጣ ከቅርጫት እያወጣች በባቡር ወደ ቤቷ ስትመለስ ታነብ ነበር፤ መጀመሪያ ሥዕሎቹን፣ ቀጥሎ ከሥዕሎቹ ሥር ያለውን፣ በመጨረሻም ሁሉንም። ቋንቋውን ያስተማራት ባቡሩ ነው ብትባል ውሸት አይደለም። ባለቤቷ ታደገ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ልጇ ሄርሜላ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ጤናዬ ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት "ይህን ሁሉ ለእኔ?" ትላለች፤ የጸሎቷ መዝጊያ ይህቺ ናት።

ወደ ፖለቲካ የገባችው በጣሪያው ምክንያት ነው።

ሕፃናቱ ሥሩ የሚተኙበት ጣሪያ አርጅቶ ነበርና ሊፈርስ ሆነ። አዲስ የሚሠራበት በጀት ገና አልተያዘም። የኦስሎ ከተማ በየሰፈሩ የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ቢዴል ይባላል፤ ቢዴሉም ነዋሪ የመረጠው የራሱ ምክር ቤት አለው። ምክር ቤቱ ስብሰባውን ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ለማንም ሰው ክፍት ነው፤ ከመንገድ የገባ ሁሉ እጁን አውጥቶ መናገር ይችላል። ጤናዬ ይህን ያነበበች ቀን አላመነችም። ባለሥልጣን ቁጭ ብሎ፣ የልጅ ጠባቂ ቆማ፣ እሱ ሊሰማት?

ሄደች። ተራዋ ሲደርስ ተነሣች። ስለ በጀት አልተናገረችም፤ ስለማታውቀው። ስለ ሕፃናቱ እንቅልፍ ተናገረች። በረዶ ጣሪያውን ሲመታና የጋሪውን ሽፋን ሲመታ ድምፁ እንዴት እንደሚለያይ፣ የቱ እንደሚያስተኛ፣ የቱ እንደሚቀሰቅስ። ስትጨርስ ሰብሳቢው፣ ራሰ በራ ረዥም ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

ስትወጣ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ያዟት። ነጭ ፀጉራቸው አጭር ነው፤ ኖርዌይኛቸው እንደ ጤናዬ የባዕድ ነው።

"የእኔ ልጅ፣ ፓርቲ አለሽ?" አሏት።

"ኧረ የለኝም።"

"ከዛሬ ጀምሮ አለሽ።"

ኤማ ይባላሉ። ጀርመናዊት ናቸው፤ በባልቲክ ባሕር ዳር ካለች አንዲት ትንሽ የምሥራቅ ጀርመን ከተማ የተወለዱ። መምህርት ነበሩ። የበርሊን ግንብ በፈረሰ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ አደባባይ በሚያድርበት ጊዜ፣ የአካባቢያቸው ሕዝብ የክልሉ ምክር ቤት አባል አድርጎ መረጣቸው። አንድ የምርጫ ዘመን ብቻ ነው የተቀመጡት። "ሁሉም በነጻነት ሰክሮ ሳለ መረጡኝ፤ ስካሩ ሲለቃቸው ረሱኝ" ይላሉ እየሳቁ። ከዚያ ኖርዌያዊ የመርከብ መሐንዲስ አግብተው ኦስሎ መጡ፤ ባላቸው ሲሞቱ ስቶቭነር ካለችው ጠባብ ቤታቸው አልተነሡም። በአንድ ወቅት ስለ ክልል ዩኒቨርሲቲና ስለ ወደብ ሲከራከሩ የነበሩት ሴት አሁን ስለ መንገድ መብራትና ስለ ውሻ ኩስ ይከራከራሉ። ይህን ሲሉም አይከፋቸውም። "ወደቡን ያየሁት በወረቀት ነው፤ መብራቱ ግን ደጃፌ ላይ ነው" ይላሉ።

በኖርዌይኛ ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው አንተ፣ አንቺ ነው። ጤናዬ ግን በልቧ ኤማን አንቺ ብላ አታውቅም።

ጣሪያው ተሠራ። የሚቀጥለው ምርጫ ሲደርስ ኤማ ጤናዬን ከፓርቲያቸው ዕጩዎች መጨረሻ አካባቢ አስገቧት። እዚህ አገር መራጩ ፓርቲውን ከመረጠ በኋላ ከሚወደው ሰው ስም አጠገብ ምልክት ማድረግ ይችላል፤ ምልክት የበዛለት ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ያወቀ፣ ጤናዬ የምታስቀድስበት የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ሕዝብ ምን ያድርግ? ከቅዳሴ በኋላ እየተጠቃቀሰ፣ ከዚህ በፊት መርጦ የማያውቀው ሁሉ ወጥቶ፣ ከጤናዬ ስም አጠገብ ምልክቱን አደረገ። ጤናዬ ከታች ተነሥታ ላይ ወጣች። ስትወጣ ግን አንድ ሰው መውረድ ነበረበት፤ የወረዱት ኤማ ሆኑ። ቫራ ሆኑ፤ አባል ሳይመጣ ሲቀር ወይም ከስብሰባ ሲወጣ በወንበሩ የሚተካ ማለት ነው።

ጤናዬ ውጤቱ በታወቀ ማግስት እያለቀሰች ቤታቸው ሄደች።

"አሁን ይህ ያስለቅሳል?" አሉ ኤማ። "ግቢ፣ ኬክ አለ።"

"ዛሬ ዓርብ ነው፤ እጾማለሁ።"

"እንግዲያው እኔ እየበላሁ አንቺ አልቅሺ።"

እንዲህ ጀመረች። በየወሩ ትሰበሰባለች። ባቡር ጣቢያው ጋ ያለው ደረጃ በበረዶ እንዳያንሸራትት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ እንዲከፈት፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ጸሎቷን አድርሳ ትገባለች፤ የማይገባትን "አልገባኝም" ትላለች። የመጀመሪያ ጊዜ ሳቁባት። በኋላ ግን ሌሎቹም "እኔም አልገባኝም" ማለት ጀመሩ።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ።

የጤናዬ ማኅበረ ምእመናን የራሱ ቤት የለውም። የሚቀድሰው ከኖርዌያውያን በተከራየው ቤተ ክርስቲያን ነው። ባለቤቶቹ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን እሑድ ጠዋት ራሳቸው ይገለገሉበታል። እነሱ ወጥተው፣ የእኛዎቹ ምንጣፉን አንጥፈው፣ መጋረጃውን ሰቅለው ቅዳሴ ሲጀመር ቀትር አልፏል። ቅዳሴ ያለ ጾም የለምና ቆራቢው ሁሉ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ እስከ እሑድ አመሻሽ ይቆያል። ወጣቱ ይችለዋል። እማማ ቆንጂት ግን ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ባለፈው ዓቢይ ጾም ከቅዳሴ መካከል ወድቀው በአምቡላንስ ተወስደዋል። ሲነቁ የመጀመሪያ ቃላቸው "ቆረብኩ ወይስ አልቆረብኩም?" ነበር።

ታዲያ ጫካው ጥግ የቢዴሉ የሆነ አሮጌ የወጣቶች ክለብ ቤት አለ፤ ከተዘጋ ቆይቷል። ማኅበሩ ቤቱን ለመከራየት አመለከተ። የቢዴሉ አስተዳደር ደግሞ መሸጡ ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው፤ በሰኔ፣ ከበጋው ዕረፍት በፊት ባለው የመጨረሻ ስብሰባ። ምክር ቤቱም እኩል ለእኩል ተከፍሏል። የጤናዬ ድምፅ ወደወደቀበት ያጋድላል።

አቶ እንዳሻው የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀመንበር ናቸው። ታክሲ ይነዳሉ፤ ከተማውን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። ስብሰባው አራት ቀን ሲቀረው ጤናዬ ቤት መጡ፤ ሶፋው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

"እንግዲህ እግዚአብሔር አንቺን እዚያ ያስቀመጠበት ቀን ደረሰ" አሉ።

"ጋሼ እንዳሻው፣ አንድ ችግር አለ። እኔ የሰበካ ጉባኤው አባል ነኝ። ሕጉ የራስሽ ማኅበር ጉዳይ ሲታይ ውጪ ይላል። ኢንሃቢል ይሉታል።"

"አውቃለሁ፤ ታክሲ ብነዳም ጋዜጣ አነባለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ለሐሙስ ብቻ ከሰበካ ጉባኤው ትወጫለሽ። ዓርብ ትመለሻለሽ። ማን ያውቃል? እኛና እግዜር።"

"እኔን ያስቸገረኝ እኮ የእግዜር ማወቅ ነው።"

አቶ እንዳሻው ከት ብለው ሳቁ። "ጨዋታ ታውቂያለሽ አንቺ! በይ ሻዩን ጨምሪልኝ።" ጨመረችላቸው። ስለ ልጆች ተጨዋወቱ፤ መርቀዋት ወጡ።

በሩ ሲዘጋ ታደገ ከመኝታ ቤት ብቅ አለ። "እሺ አልሻቸው?"

"እሺ አላልኩም።"

"እምቢስ?"

"እምቢም አላልኩም።"

"እንግዲያው እሺ ብለሻቸዋል" አለና ተመልሶ ተኛ።

እውነቱን ነው። ትልቅ ሰው ቤቷ መጥቶ፣ ሻይ በእጁ ይዞ፣ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ጤናዬ አልተማረችም። ዝም ማለት ነው የተማረችው። ዝምታዋን ደግሞ ሁሉም የወደደውን ቀለም ይቀባዋል።

ለኤማ ነገረቻቸው። የሰኔ ምሽት ነበር፤ ፀሐይ መጥለቂያዋን የረሳች ይመስላል። አጥሩ ሁሉ በሐምራዊ አበባ ተሸፍኖ በመካከሉ ሁለቱ ቀስ ብለው ይራመዳሉ።

"ከወጣሁ እርስዎ ነዎት የሚገቡት" አለች ጤናዬ።

"አዎን፣ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ይመርጣሉ?"

ኤማ ቆሙ። "ልንገርሽ? የሕዝብ ቤት ለአንድ ሃይማኖት ሲሰጥ ደስ አይለኝም። እኔ ያደግሁት መንግሥት የቤተ ክርስቲያንን ደጃፍ በሚሰልልበት አገር ነው፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሲገፋም ደስ አይለኝም። ሐሙስ የሚባለውን ሰምቼ እወስናለሁ። ላንቺ ብዬ እጄን ካወጣሁ ግን እኔም አብሬሽ መውጣት አለብኝ ማለት ነው።"

ጤናዬ እስከ ቤቷ ድረስ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። ከወጣች ቤቱን ልታሳጣ ነው። ካልወጣች ደግሞ… እማማ ቆንጂት ወድቀው ያየቻቸው ቦታ ላይ፣ በዚያ ምንጣፍ ላይ፣ እግዚአብሔር ፊት እንዴት ትቆማለች? ቤቱ የእግዚአብሔር ከሆነ በሩ በውሸት ይከፈታል?

ሐሙስ መጣ። አዳራሹ ስትገባ ክው አለች። የሕዝብ መቀመጫው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኗል። አቶ እንዳሻው "ይዩን!" ብለው ሕዝቡን ሁሉ ነጠላ አስለብሰው አምጥተዋል። ከመስኮቱ የሚገባው የምሽት ፀሐይ ነጠላዎቹ ላይ ሲያርፍ ክፍሉ ከወለሉ የተነሣ መሰለ። ጤናዬ ደመና ላይ የተሰበሰቡ መሰላት። እማማ ቆንጂት ከፊት ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሰላም አሏት።

የክለብ ቤቱ ተራ ደረሰ። ሰብሳቢው ርእሱን አነበበ። ጤናዬ እጇ ሲነሣ አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር።

"የማኅበሩ የአስተዳደር አባል ነኝ። ኢንሃቢል ነኝ" አለች በኖርዌይኛ። ተነሣች፤ ኮቷን ክንዷ ላይ አደረገች፤ አንገቷን ደፍታ ወደ በሩ ሄደች። ከዳር የተቀመጡት ኤማ ተነሥተው ወደ ወንበሯ መጡ።

የሆነው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። በነጩ መቀመጫ ካሉት ኖርዌይኛ የሚሰማው ከግማሽ አይበልጥም። የቀረው ያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጤናዬ ሁለት ቃል ተናገረች፣ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ወጣች፣ ወንበሯንም ፈረንጅ ወሰደባት።

"አስወጧት!" አሉ እማማ ቆንጂት።

ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ የጎናቸው ሴት ተነሣች፤ አዛውንት ተነሥተው ተቀምጦ የሚቀር ማን አለ? አቶ እንዳሻው "ተቀመጡ! ኧረ ተቀመጡ፣ ሕጉ ነው!" እያሉ በሹክሹክታ ይለምናሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ሕዝቡ ነጠላውን እየሰበሰበ፣ ለሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሳ፣ አንድ በአንድ ወጣ። በመጨረሻ አዳራሹ ውስጥ ብቻቸውን የቀሩት አቶ እንዳሻው ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ እሳቸውም እጅ ነስተው ወጡ።

ጤናዬ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ዞር ስትል ከኋላዋ ነጭ ወንዝ መጣ።

"ምን ሆናችሁ?"

"አንቺን ምን አሉሽ ልጄ? ማነው የተናገረሽ? ያ ራሰ በራው ነው?" አሉ እማማ ቆንጂት።

"ማንም አልተናገረኝም እማማ። ራሴ ነኝ የወጣሁት።"

"እሱን ተይው፤ አይተናል።"

አቶ እንዳሻው ደረሱ፤ ላብ በላብ ሆነዋል። "ጤናዬ! ጉድ ሠራሽኝ! ሰዎች፣ ጉዳያችን አሁን እየታየ ነው፤ እባካችሁ ተመለሱ!"

"እሷን ደጅ ጥለን?" አሉ እማማ ቆንጂት። "በል አንተ ግባ። እኛ አብረናት የመጣን ሰዎች ነን።"

"አብራችሁኝ አይደለም የመጣችሁት! ለቤቱ ነው የመጣችሁት!" አለች ጤናዬ ልታለቅስ ደርሳ።

"ቤቱ የት ይሄዳል? እዚያው ጫካው ጋ ነው" አሉና እማማ ቆንጂት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

በኮሪደሩና በአዳራሹ መካከል ያለው ግድግዳ መስታወት ነው። ሁሉም ወደዚያ ዞረው ቆሙ። ከውስጥ ድምፅ አይመጣም። አፎች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ራሰ በራው ባዶውን መቀመጫ እያየ አንድ ነገር ይጠይቃል። አንዱ የሚያስቅ ነገር ተናገረ መሰለኝ፣ ሁሉም ሳቁ። ኤማ በጤናዬ ወንበር ተቀምጠው ረዘም አድርገው ተናገሩ፤ እጃቸው አየሩን እንደ ጨርቅ ያጥፈዋል። ከዚያ እጆች ወጡ። የምን እጅ እንደሆነ ማን ይወቅ። ጤናዬ በውኃ ውስጥ ያሉ ሰዎችን የምታይ መሰላት፤ ወይ እሷ ናት ከውኃው ሥር ያለችው።

በሩ ተከፈተና ኤማ ወጡ።

"ለሌላ ቀን ተላልፏል" አሉ። "ሰብሳቢው ስለ እናንተ ሊጠይቅ ፈልጎ ዞር ሲል አንድ ሰው የለም። ስንት ናችሁ፣ ስንት ሰዓት ትገባላችሁ፣ ማን ይመልስ? አንደኛው 'ሁሉም ኢንሃቢል ነን ብለው ወጡ' አለና ሳቅን። ሳቁ ልባቸውን ባያለዝበው ኖሮ ዛሬ መሸጡ አይቀርም ነበር። ነሐሴ ውስጥ እሑድ ቀን እናንተው ዘንድ መጥተን እናያለን፤ መስከረም ላይ እንወስናለን።"

ጤናዬ ተረጎመችላቸው። ሕዝቡ "ተመስገን" አለ። አቶ እንዳሻው ግን አላሉም። ጤናዬን ገላመጧትና ወደ ታክሲያቸው ሄዱ።

ያ በጋ ረጅም ነበር። አቶ እንዳሻው ቤተ ክርስቲያን ሲያገኟት ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ብቻ ሰላም ይላሉ። ሌሎችም ነበሩ፤ "ለእኛ ብለን መረጥናት፣ እሷ ግን ፈረንጆቹን መረጠች" ያሉ። ጤናዬ ሰማች። ባርነሃገው ለበጋ ተዘግቶ፣ ጋሪዎቹ ባዶ ሆነው፣ ቀኑን ሙሉ ሰፈሩን ትዞር ነበር። አንድ ቀን ክለብ ቤቱ ጋ ሄዳ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች። አቧራው ላይ የዛፍ ጥላ ይወዛወዛል። "ከሰጠኸን አንተ ስጠን፤ ካልሰጠኸንም አንተ ከልክለን፤ እኔ ግን በመካከል አልግባ" አለችና ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ቀለል አላት።

በነሐሴ የምክር ቤቱ አባላት መጡ። ኖርዌያውያኑ አገልግሎታቸውን ጨርሰው ሲወጡ፣ የእኛዎቹ ደጅ በጥላ ሥር ቆመው ሲጠብቁ፣ ከዚያ ምንጣፉ ሲነጠፍ፣ መጋረጃው ሲሰቀል አዩ። ጤናዬ ከሴቶቹ መካከል ቆማ አንድ ቃል አልተናገረችም። ያስረዱት አቶ እንዳሻው ናቸው። ቅዳሴው ሲያልቅ ሰብሳቢው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳ የተደገፉትን እማማ ቆንጂትን አየና ጠየቀ፤

"እኚህ ሴት ከመቼ ጀምሮ ነው ያልበሉት?"

"ከትናንት ማታ" አሉ አቶ እንዳሻው። "ውኃም አልጠጡም።"

"ስለምን?"

አቶ እንዳሻው ኖርዌይኛው ጠፋባቸው፤ ዙሪያቸውን ሲያዩ ዓይናቸው ጤናዬ ላይ አረፈ። እሷ ግን ከንፈሯን ገጥማ አቀረቀረች። ያኔ ራሳቸው ፈለጉ፤ አገኙም፤ "ስለሚወዱት" አሉ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ሲወጡ አቶ እንዳሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጤናዬ መጡና ጎኗ ቆሙ። "አፍሽን ይዘሽ መቆምሽ እንዴት አስቻለሽ?" አሏት። "አላስቻለኝም ጋሼ" አለች። ሳቁ፤ ሳቁ ግን እንደ ዱሮው ከት ብሎ አልመጣም።

የመስከረሙ ስብሰባ ቀን አሠልጣኟ ሄርሜላ ነበረች። ሕዝቡን አዳራሹ በር ላይ ሰብስባ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኖርዌይኛ፣ "ማማ ትወጣለች። ማንም አላስወጣትም። ማንም እንዳይነሣ። እሳት ቢነሣ እንኳ ናይ፣ አይሆንም፣ ተቀመጡ!" አለቻቸው።

"ሽንትስ ቢመጣ?" አሉ እማማ ቆንጂት።

"ናይ እማማ!"

ተራው ደረሰ። ጤናዬ እጇን አወጣች፣ ያንኑ ቃል አለች፣ ተነሣች። አንድም ሰው አልተከተላትም። እግሯ ኮሪደሩን ሲረግጥ የራሷን ኮቴ ሰማች፤ ያ ድምፅ አስፈራት። መስታወቱ ጋ ቆመች። ነጫጭ ትከሻዎች እንደ ተራራ ተሰልፈው ወደ ፊት ብቻ ያያሉ። የራሷ ሰዎች በውስጥ፣ እሷ በውጭ። ባለፈው ጊዜ ያላወቀችውን ነገር አሁን አወቀችው፤ ያኔ ተከትለዋት ሲወጡ ተናዳባቸው ነበር፤ ውስጧ ግን እንደዚያ ቀን ታቅፎ አያውቅም።

አቶ እንዳሻው ተነሥተው ተናገሩ። ኤማ ተናገሩ። እጆች ወጡ። ጤናዬ አላየችም፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ስትገልጥ እማማ ቆንጂት የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲያለቅሱ ይሁን ሲስቁ ከመስታወቱ ውጭ አይለይም።

በሩ ተከፈተ። ኤማ ሲወጡ ጤናዬ ልትገባ ነው፤ ደፉ ላይ ተገናኙ።

"ወንበርሽን አሙቄልሻለሁ" አሉ። "እሑድና በዓላት ከንጋት ጀምሮ የእናንተ፤ በቀሩት ቀናት የሰፈሩ ሁሉ። በአንድ ድምፅ ልዩነት።"

ጤናዬ የኤማን እጅ ያዘች፤ ልትስመው ጎንበስ ስትል ኤማ ነጠቁባት። "ናይ፣ ናይ። ግቢ፣ ሥራ አለሽ።"

ገባች። ከአቶ እንዳሻው ጎን ስታልፍ "ቁልፉን ግን ለእኛ ብቻ መስጠት ነበረባቸው" ሲሉ ሰማቻቸው፤ ፊታቸው ግን ወገግ ብሏል። ወንበሯ እውነትም ሞቆ ነበር።

የቤቱ ጉዳይ አልቋል፤ ሕዝቡ ወጥቶ እልል ማለት ይችላል። ግን ማን ይነሣ? አትነሡ ተብለዋል። ሄርሜላ ከኋላ ሆና በእጇ "ውጡ፣ አሁን ይቻላል" ብትል ማንም ዞር አላለም። ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው ርእስ አለፈ፤ ከባቡር ጣቢያው እስከ ጫካው ባለው መንገድ ላይ የሚተከሉ መብራቶች። ንግግሩ ረዘመ። ነጫጮቹ ትከሻዎች አልተነቃነቁም። አንዱ አባል ስለ ሽቦ አንድ ነገር አስረዳ፤ አረጋውያኑ በጥሞና ሰሙት፤ አንዳንዶቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ አበረታቱት። ሰውየው እንዲህ ተሰምቶ አያውቅም ይሆናል፤ ንግግሩን አስረዘመው።

"መብራቱን የምትደግፉ" አለ ሰብሳቢው።

ጤናዬ እጇን አወጣች። እማማ ቆንጂት አዩዋትና እጃቸውን አወጡ። ከጎናቸው ያሉት አወጡ። አቶ እንዳሻው ግራና ቀኝ ተመለከቱ፤ ከዚያ እሳቸውም ቀስ ብለው አወጡ። ነጭ ነጠላ የተንጠለጠለባቸው እጆች አዳራሹን ሞሉት።

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። "ከሕዝቡ መቀመጫ ድምፅ አይሰጥም" አለ።

ጤናዬ ልትተረጉምላቸው ዞረች፤ ሳቋ ግን ቀደማት።